ከማያሚ የተላከው ቀሚስ

መቃብር ቆፋሪው ማሪኖ የሬሳ ሣጥኑን ክዳን በዲጂኖ ፈልቅቆ ከፍ አደረገና ወደ ውስጥ አየት አደረገ። ወዲያው መልሶ ከደነው።

«አልደረሱም» አለ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

«አልደረሱም ማለት?» ኔሬይዳ ነጩን አንሶላ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቀረች። እግሯ ሥር ከማያሚ ድረስ ተሸክማ ያመጣችው ትንሽ የእብነ በረድ ሣጥን ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ የእናቷ ስም፣ ሆርቴንሲያ፣ በወርቅማ ቀለም ተቀርጿል።

በኩባዋ ከተማ በማታንዛስ ሰው የሚቀበረው ሁለቴ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ዘመድ በተሰበሰበበት ይወጣል፤ አጥንቱ ተጠርጎ፣ ፓውደር ተነስንሶበት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በትንሽ ሣጥን ከወገኖቹ ጎን ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቀብር ኔሬይዳን አምልጧታል። የመግቢያ ፈቃዷ የመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነበር፤ ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ በስልክ ነው ያለቀሰችው። ስለዚህ ሁለተኛውን ስትጠብቅ ኖረች። እናቷን በገዛ እጇ ልትጠርጋት፣ አንዴ እንኳ ልትነካት። ከነገ ወዲያ ተመላሽ ናት፤ ሌላ ፈቃድ መቼ እንደሚሰጧት አንድዬ ይወቅ።

«ልብሱ ነው የያዛቸው እትዬ» አለ ማሪኖ። «ናይለን ነገር ነው። ናይለን የለበሰ ሰው ሥጋው ከአጥንቱ ቶሎ አይፈታም። መልሰን እንዝጋና ዓመት እንጨምርላቸው።»

«ክፈተውና ልያት።»

«ይቅርብዎት።»

«እናቴ እኮ ናት!»

ማሪኖ ወደ ወንድሟ ዞረ። ኤቬሊዮ ጎን ያለው መቃብር ላይ ተደግፎ ፊቱን በባርኔጣው ያራግባል።

«ክፈትላት» አለ። «የገዛችውን ትየው።»

ክዳኑ አንድ ስንዝር ያህል ተነሣ። ኔሬይዳ ያየችው እጅጌውን ብቻ ነው። ቢጫ፣ ልክ ከሱቅ የወጣ ዕለት እንደነበረው ቢጫ። ቁልፎቹ ያብረቀርቃሉ፤ የካውያው መስመር እንኳ አልጠፋም። ከዚያ ሽታው መጣ። አፍንጫዋን በአንሶላው አፈነች፤ ከገዛ እናቷ አፍንጫዋን መያዟ ሲገባት ደግሞ ፊቷ በሐፍረት ነደደ።

ማሪኖ ቀስ ብሎ ከደነው።

«በአሮጌ የቤት ልብስ እንዳትቀብሯት፣ የላኩላትን አልብሷት ብለሽ በስልክ አገር ይያዝልኝ አልሽ» አለ ኤቬሊዮ። «ጎረቤቶቻችን የጥጥ ቀሚሷን አጥበው ተኩሰው ይዘው ቆመው ነበር። መልሱት አልኳቸው።»

«እንዲህ እንደሚሆን ታውቅ ነበር?»

«እዚህ የማያውቅ ማን አለ?»

«ታዲያ አፍህ የት ሄዶ ነው? ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ?» ሳቅ አለ፤ ሳቁ ዓይኑ ጋ አልደረሰም። «መድኃኒቱን የምትልኪ አንቺ፣ ዳይፐሩን የምትልኪ አንቺ። ‹እናንተማ ረስታችሁታል፣ ሰው እኮ በክብር ነው የሚቀበረው› አልሽኝ። እሺ እመቤቴ አልኩ። ክብሩ ያውልሽ።»

«ዝም ያልከው ልታሳየኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ቀን ስትጠብቅልኝ ነበር።»

ኤቬሊዮ አልካደም። ባርኔጣውን አጠለቀና ጫፉን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገው።

«እኔ ነኝ ያጠብኳት» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ነኝ ያጎረስኳት፣ ያገላበጥኳት። ልትሞት ስትል ግን የጠራችው አንቺን ነው። ዓይኔን እያየች ‹ኔሬይዳ የት አለች?› ትለኛለች። ከዚያ አንቺ ደውለሽ ስለ ቀሚስ ታወሪያለሽ። ሆዴ ባሰ። አፌ እንቢ አለኝ።»

ኔሬይዳ ከዚህ አገር የወጣችው ማንንም ሳትቀብር ነው። ዘፈኑንም፣ ቀልዱንም፣ የጥቁሩን ባቄላ አሠራርም ይዛ ሄዳለች፤ ማያሚ በረንዳዋ ላይ ባንዲራ ሰቅላለች፤ ኩባዊት አይደለሽም ያላትን ሰው ዓይኑን ነው የምታፈሰው። ሰው እንዴት እንደሚቀበር ግን ማንም አላስያዛትም። እናቷን ራሷ፣ በገዛ ፍቅሯ፣ እዚያ ቀሚስ ውስጥ ቆልፋታለች።

ማሪኖ ክዳኑን በመዶሻ ይመታ ጀመር። ባዶውን የእብነ በረድ ሣጥን ማንም አልነካውም።

ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ሌላ ሬሳ ሣጥን ተከፍቷል። አንዲት አሮጊት በነተበች ፎጣ አጥንት ሊቀበሉ ጎንበስ ብለዋል። ፎጣዋ አልበቃችም። ቀና ብለው ኔሬይዳን አዩ፤ ከዚያ አንሶላውን።

«ልጄ፣ ያን ካልፈለግሽው...»

ተራመደችና ሰጠቻቸው። አሮጊቷ በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«ጥጥ ነው» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ንጹሕ ጥጥ! እግዜር ይስጥሽ፤ አዋቂ ሴት ነሽ።»

ጥጥ መሆኑን ታውቃለች። የእናቷን አጥንት ሻካራ ነገር እንዳይነካው ብላ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ነው የዋለችው።

«በዚያ በኩል ያዥልኝ» አሏት። «አጥብቀሽ።»

ኔሬይዳ ተንበርክካ ጫፉን አጥብቃ ያዘች። የማታውቀው ሰው አጥንት፣ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ፣ አንድ ባንድ አንሶላዋ ላይ ይደረደር ጀመር።