ግራ የዞረ ሽቦ

የታይናን ከተማው አዛውንት ዴሻን ለጋዋን ዋርካ ድንክ ሆና እንድትቀር በሸክላ ጣባ ማሳደግ የጀመሩት ከባለቤታቸው ከሹዩን ጋር ነበር። ሥሯን እሳቸው ይከረክማሉ፤ ቅርንጫፎቿን በሽቦ እየጠመዘዘች መልክ የምታስይዛት ሹዩን ናት። ግራኝ ስለነበረች ሽቦዋ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዞር ነበር።

ሹዩን በሞተች በወሩ፣ ሽቦው ቅርፊቷን እንዳይበላው ብለው ፈቱት። በማግስቱ ተጠምጥሞ አገኙት፤ ወደ ግራ። ደግመው ፈቱት፤ ደግሞ ተጠመጠመ። በሦስተኛው ቀን ዋርካዋን ከመንገዱ ማዶ አዲስ ለገባችው ለዪጁን ሰጧት። ዪጁን ሹዩንን አይታት አታውቅም፤ እሳቸውም ስለ ሞቷም ሆነ ስለ ምክንያቱ አልነገሯትም። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ሚስታቸውን ከቤት ያባረሩ ያህል ከበዳቸው።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ዪጁን ጣባውን ታቅፋ በራቸው ላይ ቆመች። ቅርንጫፎቿ በሙሉ ወደ ግራ በዞረ አዲስ ሽቦ ተጠምጥመዋል።

«አባባ፣ ዛፏን መልሺ ተብዬ ነው» አለች እየሳቀች። «ባለቤትዎ በየቀኑ እየመጡ ሲሠሯት ሰነበቱ። ሻይ ባቀርብላቸው እምቢ፤ የዴሻን ሚስት ነኝ ካሉኝ ወዲያ እስከ ዛሬ ወሬ የለ፣ ሥራ ብቻ። እኔማ ተጣልታችሁ መስሎኝ ነበር።»

ዴሻን ጣባውን ሲቀበሉ መሸሺያ እንደሌላቸው ገባቸው።

«አሁን የት ናት?» አሉ ቀስ ብለው።

ዪጁን ከትከሻቸው በላይ ወደ ቤት ውስጥ አየች።

«አብረን አይደል የመጣነው? አሁን እኮ ነው በጎንዎ አልፈው የገቡት።»