ዘመድ ሳላማክር

አባትየው ሴት ልጃቸው ስትጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ ላለማለት ቆርጠዋል። ሽማግሌ ተመላልሶ ደጅ ካልጠና ምኑን ሽማግሌ ሆነ?

«ልጁን አላውቀውም» አሉ ፊታቸውን አኮሳትረው።

የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ጥላዬ ለዚህም ተዘጋጅተው መጥተዋል። የልጁን ላፕቶፕ ከቦርሳ አውጥተው በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙና «እንግዲያው በዓይንዎ ይዩት» አሏቸው። ልጁ ነጭ ጋዋን ለብሶ ፋርማሲ ውስጥ ሲሠራ፣ ቀጥሎም እናቱን ደግፎ ከመኪና ሲያወርድ ታየ።

አባትየው ወደዱት። መውደዳቸው እንዳይታወቅባቸው ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«መልካም ነው። ግን ልጅቷ የእኔ ብቻ አይደለችም፤ የዘመድ ናት። ታላቅ እህቴ ሳትሰማ፣ ወንድሞቼ ሳይመክሩበት፣ እናቷም ሳትስማማ እሺ አልልም። በወሩ ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ከእሳቸው ትከሻ በላይ ነው። ከኋላ እልልታ ተሰማ።

ዞሩ። ላፕቶፑ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ጨርሶ ቀጣዩን በራሱ ጀምሯል። ሳሎኑ ይኸው ሳሎናቸው ነው፤ እሳቸው ለጉልበታቸው ፍልውሃ ሄደው የሰነበቱ ሰሞን መሆን አለበት። ልጁ ለልጃቸው ቀለበት ያጠልቅላታል። እልል የሚሉት ታላቅ እህታቸው ናቸው። ወንድሞቻቸው እስክስታ ይወርዳሉ። ባለቤታቸው ያንኑ ልጅ ኬክ ያጎርሱታል።

ባለቤታቸው አሁን የለስላሳ ትሪ እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ቀርተዋል።

አባትየው እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ።

«ቀጠሮው ይቅር» አሉ። «የማማክረው ዘመድ አልቀረም።»