የሁካ ገመድ

«ይህን ገመድ ማን ነው ያወረደው?» ኑርሀን በሬው ራስጌ ቆማ ጠየቀች።

በሬው ማንያታ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከሚሠራው አዲስ ፎቅ ሥር፣ ከመወጣጫው እንጨት አጠገብ፣ አራት እግሩን ተጠፍሮ ተጋድሟል። የተጠፈረበት ገመድ ግን የሰው የወገብ ገመድ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ጫፍ፣ መወጣጫው ላይ ቆሞ ጣውላ የሚመታው የሁካ።

ሕንፃውን የነደፈችው እሷ ናት። በየቢሙ የፌሮ ቀለበት ያስገባችው፣ ጫፍ ላይ የሚሠራ ፉንዲ፣ ሠራተኛው ሁሉ፣ እንዳይወድቅ የወገቡን ገመድ እዚያ እንዲቋጥር ብላ ነው። ባለቤቱ ሐጂ መሐዲ «ይህ ሁሉ ብረት ለጌጥ ነው?» ሲሉ ስንት ተጨቃጭቃ አሳመነቻቸው። ቀለበቱ ይኸው በቦታው አለ፤ ገመዱ የበሬ እግር ላይ።

ጎዳና የሚባለው ፎርማን ሳቀባት። «ዛሬ የፎቁን ሶሌታ በሲሚንቶ እንሞላለን፤ ደም ሳይፈስ ደግሞ አይሞላም። የበሬው ገመድ ከጎልቦ ቆላ ሲመጣ ተበጠሰ። ይታረድና እንመልሳለን፤ ምን ያንገበግብሻል?»

«ሁካ፣ ውረድ።»

«ሲሚንቶው ተቦክቷል እኮ፣ ኢንጂነር» አላት ሁካ ከላይ እንዳጎነበሰ። «አንዲት ጣውላ ናት የቀረችኝ።»

ደሟ ፈላ። ሰውን ለበሬ! ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ቢላውን በበሬው አንገት ላይ ሲስቡ፣ ጎንበስ አለችና ቋጠሮውን መነጨቀችው። ልቧ ያለው ከላይ ሁካ ጋ ነበር፤ በሬው ትዝ አላላትም።

ገመዱ ላላ። በሬው ጉሮሮው እንደተከፈተ ተነሣ። ደሙ የሐጂን ነጭ ቀሚስ እስከ ደረታቸው ነከረው። ጎዳናን በቀንዱ ገለበጠና በግንባሩ መወጣጫውን መታው፤ ደግሞ መታው። እንጨቶቹ ተሰበሩ። ሁካ ከነመዶሻው የድንጋይ ክምሩ ላይ ወደቀ። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ።

በሬው ጥቂት ተንገዳግዶ ተዘረረ። ጎዳና ጎኑን ይዞ ተነሣና ጣቱን ቀሰረባት። «እሷ ናት የፈታችው። አይታችኋል አይደል? እሷ ናት።»

ኑርሀን ተንበርክካ የሁካን ራስ ደገፈች። የፈታችው እሷ መሆኗን ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም። አፉ በደም ተሞልቷል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ ሊረግመኝ ነው፣ ይገባኛል ብላ ጆሮዋን አስጠጋች።

«አይዞሽ፣ እህቴ» አላት።