ውሃ ስትመጣ

ወይዘሮ ጤናዬ ኦስሎ፣ ቫይትቬት በሚባለው ሰፈር ልጃቸው ቤት በገቡ በሳምንታቸው ጥፋት አጠፉ።

የሕንፃው ውሃ ለጥገና ተዘግቶ ነበር። እሳቸውም አዲስ አበባ እንደለመዱት ቧንቧውን ከፍተው፣ የምትመጣው እንዳትባክን የዕቃ ማጠቢያውን ማፍሰሻ በጨርቅ ወትፈው ጋደም አሉ። ስትመጣ ድምፅዋን እሰማለሁ ብለው ነበር። እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከነሱ በታች ያለው ቤት የሄርሜላ ነው። እዚሁ ኦስሎ የተወለደች ነርስ ናት። ኮርኒሷ ላይ ቢጫ ምልክት ወጣ። ሽቅብ መጥታ፣ “እማማ፣ ጠበል ላኩልኝ እኮ” ብላ ሳቀች። አክሊሉ ግን አልሳቀም፤ እናቱን ተቆጣ።

ያበረደችው ሚስቱ ርብቃ ናት። ልማድ ነው፣ ተዋቸው አለችው። በማግስቱም አማቷን ይዛ ቤቱን አዞረቻቸው። ውሃና መብራት ከተገናኙ ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ፣ መጀመሪያ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የመብራት ማጥፊያ በደረቅ እጅ ዝቅ እንዲያደርጉ፣ እሳት ከሆነ የልጅ ልጃቸውን ማርያን ይዘው ወጥተው ወደ እሳት አደጋ፣ ወደ 110 እንዲደውሉ ነገረቻቸው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አጎንብሳም ስቶፐክራኑን አሳየቻቸው፤ የቤቱን ውሃ በሙሉ የሚዘጋው እሱ ነው። ውሃ ሲሄድ ይህን ይዝጉ፣ ቧንቧው ተከፍቶ ቢረሳ እንኳ ምንም አይመጣም አለች።

ወይዘሮ ጤናዬ ዳንቴል ከሚሠሩበት ቀይ ክር ቆረጡ። ሕጋቸው አጭር ነበር፤ ስቶፐክራኑን ዘግተው ያስራሉ፣ ፈትተው ይከፍታሉ። ብዙም ሳይቆይ የምድጃው ማዞሪያም የካውያው ገመድም ክር አሰሩ።

“እማዬ፣ ለቤቱ ሁሉ ማተብ አሰርሽለት እኮ” አለ አክሊሉ።

“ክር ያሰርኩበትን ረስቼ አላውቅም” አሉ እሳቸው።

አክሊሉ ደስ አለው። እናቱ አብረዋቸው እንዲኖሩ ማመልከቻ ማዘጋጀት ጀመረ። የማርያ ክፍል ለአያቷ ሆነ። አልጋዋን ወደ ባልና ሚስቱ መኝታ ቤት ርብቃ ራሷ ተሸክማ አዛወረችው። ወይዘሮ ጤናዬ የርብቃን ወጥ ቀምሰው ጨው ይጨምሩበታል፤ አጥፋ ያስቀመጠችውን ልብስ ፈትተው እንደገና ያጥፋሉ። ርብቃ ምንም አትልም። ዝምታዋን ሁሉም ይወድላት ነበር።

መርሳት ግን አልቀረም። አንድ ቀን የወይዘሮ ጤናዬ መነጽር ከፍሪጅ ተገኘ። ማርያንም አልፎ አልፎ በሟች እህታቸው ስም፣ የሺእመቤት ብለው ይጠሯታል። አክሊሉ እየሳቀ ያልፈዋል።

በጥር ወር ቦሬትስላጉ፣ የሕንፃው የነዋሪዎች ማኅበር፣ እንደገና ውሃ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ወረቀት መግቢያው በር ላይ ለጠፈ። የዚያን ቀን ጠዋት ርብቃ የሳሎኑን ምንጣፍ ላናፍሰው ብላ ጠቅልላ አልጋ ላይ አወጣችው። ከዚያ ለማርያ ጫማ ሊገዙ ወደ ሊንደሩድ የገበያ ማዕከል ተነሡ። ወይዘሮ ጤናዬ ከመውጣታቸው በፊት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አጎነበሱ፤ ወገባቸውን ይዘው ቀና ሲሉ፣ “ታስሯል” አሉ።

ታች ሲደርሱ ርብቃ ጓንት ረስቻለሁ ብላ ተመለሰች። አያትና ልጅ በሩ ላይ ጠበቋት።

“አገኘሽው?”

“አጣሁት፣ እማማ።”

ወይዘሮ ጤናዬ ባዶ እጆቿን በሁለት መዳፋቸው ይዘው አሹላት። እንደ በረዶ ቀዝቅዘው ነበር።

ሱቁ ውስጥ ርብቃ ጫማ ስትመርጥ ቆየች። ወይዘሮ ጤናዬ ደጋግመው፣ ውሃዋ ሳትመጣ እንግባ ይሏታል። ገና ነው ትላቸዋለች።

ሲመለሱ የኩሽናው ወለል ተጥለቅልቋል። ቧንቧው ተከፍቷል፣ ማፍሰሻው በጨርቅ ተወትፏል።

“እማማ፣ ማርያን ይዘው እዚያው ይቁሙ” አለች ርብቃ። አልጮኸችም። እጇን በሻርፗ አድርቃ መብራቱን አጠፋች፣ ገብታ ስቶፐክራኑን ዘጋች፣ ወርዳ የሄርሜላን በር አንኳኳች።

የሄርሜላ ኩሽና አምፖል ተንጣጥቶ ፈንድቶ ነበር። ማብሪያውን ልነካ ስል ነው የደረሽልኝ አለቻት። በዚህ ጊዜ ስለ ጠበል አልቀለደችም። አክሊሉ ከሥራ ሲመጣ ወደ ጎን ወሰደችው።

“ናይ፣ አይሆንም፣ አክሊሉ። ዛሬ ውሃ ነው፤ ነገ ምድጃው ቢሆንስ? ልጅ አለች። ሐኪም ይያቸው።”

አክሊሉ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ገብቶ በስልኩ መብራት አየ።

“አስሬ ነበር” አሉ እናቱ።

“ክሩ የታለ ታዲያ፣ እማዬ?”

ወይዘሮ ጤናዬ እርጥቡ ወለል ላይ ተንበርክከው በእጃቸው ፈለጉ። ከምድጃው ሥር፣ ከበሩ ኋላ ሁሉ ፈለጉ። ርብቃ በክንዳቸው ይዛ አነሣቻቸው፤ ልማድ ነው፣ ተዋቸው አለች።

ሐኪሙ ይህ ነው የሚባል ነገር አላገኘም፤ ዕድሜ ነው አለ። ወይዘሮ ጤናዬ ግን ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ማመን ተዉ። መነጽራቸው ላይ ክር አሰሩ፣ ጣታቸው ላይም አሰሩ። ያሰሩትን ሊያዩ ደግሞ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። ማርያ እጇን ስትዘረጋላቸው ወደ ኋላ ይላሉ፤ ብጥላትስ ይላሉ።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ “ልጄ፣ ቤታችሁን ሳላቃጥል አገሬ ስደደኝ” አሉ።

አክሊሉ አልተከራከረም። ማመልከቻው ሳይላክ ቀረ።

አውሮፕላን ጣቢያ ወይዘሮ ጤናዬ የርብቃን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙ።

“አንቺ ባትኖሪ የሰው ነፍስ አጥፍቼ ነበር። እግዜር ይስጥሽ።”

ርብቃ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

አክሊሉ መኪናውን ሊያመጣ ሲሄድ፣ ርብቃ ከካፖርቷ ኪስ ቋጠሮው ሳይፈታ በመቀስ የተቆረጠ ቀይ ክር አወጣችና ከበሩ አጠገብ ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው።