ሎደር ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ

“አባ፣ ይነሱልኝ እንጂ! ሰው እንዲሞትብኝ ነው የሚፈልጉት?”

ሶረቲ ጮኸች...

ሽማግሌው ንቅንቅ አላሉም። ሎደሩ አፍንጫ ስር፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። ከኋላቸው የወንዙ ዳር ጫካ አለ... ዶቅማው፣ ሾላው፣ ከላይ ደግሞ ጉሬዛዎቹ በሞተሩ ድምፅ ደንግጠው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ።

ነገሩ የሆነው ከአምቦ ብዙም በማትርቅ ከተማ ነው። ስሟ ይቅር።

ሶረቲ የከተማዋ የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ ናት። ከተመረቀች ገና ሁለት ዓመቷ። የወንዙን ዳር መናፈሻ አድርጊው ተብላ ለምርቃቱ ቀን ተቆርጦላታል። ሎደሩ በስንት ልመና የተገኘው ለሦስት ቀን ብቻ... አንዱ ቀን አልፏል!

ምሳ አልበላችም። ስልኳም አያርፍም።

“የት ደረሰ?” ይላል ኃላፊዋ። ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ... “አሁንስ?”

ወጣቶቹም አልለቀቋትም።

“የመረብ ኳስ ሜዳ ትሠሪልናለሽ ብለን ስንጠብቅ!” አለቻት ሮዳስ፣ የሴቶቹ ቡድን አምበል። “ከፑል ቤትና ከጫት ቤት ሌላ መዋያ የለንም። ለአንድ ሽማግሌ ብለሽ ልትተይን ነው?”

እውነቷን ነው። ሜዳው በዲዛይኑ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ልክ ጫካው ላይ ነው...

ሶረቲ ሽማግሌው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

“ኦቦ ኦሊቃ፣ ቦታው የእርስዎ ነው? ካርታ አለዎት?”

“የለኝም።”

“ታዲያ ምንዎ ነው?”

“ኢንተላ ኮ... ልጄ፣ ዛፎቹን አትንኪ። ሌላ አልልሽም።”

“ካሳ ፈልገው ነው” አለ የሎደሩ ሹፌር። እሷም እንዲያ መሰላት። ማስረጃ ይዤ አስነሳቸዋለሁ ብላ ወደ መዝገብ ቤት በረረች።

አቧራ የጠጡ ፋይሎችን ስታገላብጥ አንድ ደብዳቤ አገኘች። 1976 ዓ.ም.፣ ወደ ሀገረ ሕይወት የተላከ... አምቦ ያኔ በወረቀት እንዲያ ነበር የምትባለው።

“የወንዙ ዳር ደን በዶዘር ተመንጥሮ ለመኖሪያ ቤት ዝግጁ መሆኑን እናስታውቃለን።”

ፊርማውን ሁለቴ አነበበችው።

ኦሊቃ ፈየራ!

ዛሬ እሷ የምትሠራውን ሥራ ይሠሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው...

እየሮጠች ተመለሰች።

“ያስመነጠሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት እንዴ?!”

ሽማግሌው ቀና ብለው ዛፎቹን አዩ። ከዚያ...

“እኔ ነኝ። ያንቺ ዕድሜ ነበርኩ። ቶሎ በል፣ ቶሎ በል ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንዳንቺ እሮጥ ነበር። ክፋት አልነበረኝም፣ ሰው ቤት ቸግሮት ነበር። በሁለተኛው ክረምት ወንዙ ሞላ። አፈሩን የሚይዝ ሥር የለ... ዳሩ ተንዶ አራት ቤት ወሰደ። አንዱ ቤት ውስጥ ድንቅቱ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቦታውን ለአባቷ መርቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።”

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

“ሥራዬን ለቀቅኩ። እነዚህን ዛፎች አንድ በአንድ እየተከልኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጉሬዛዎቹ እንኳ የመጡት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።”

“ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?”

“አፈርኩ ልጄ። ለልጆቼም አልተናገርኩት።”

ሶረቲ ዲዛይኑን መሬት ላይ ዘረጋችው። መንገዱ ዳር ባለው ደልዳላ ቦታ ካፌና መኪና ማቆሚያ ተስሏል።

“ሮዳስ፣ ነይ እስቲ ለኪልኝ!”

በእርምጃ ለኩት። ሜዳው ልክክ አለ።

“ፀሐዩስ?” አለች ሮዳስ።

“ስትጨርሱ የዛፎቹ ጥላ ስር ትገባላችኋ!”

ካፌው ቀረ። ጫካው ዳነ። ሶረቲ ግን ሳታስፈቅድ ዲዛይን በመቀየሯ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት... እስከ ዛሬም ፋይሏ ውስጥ አለ።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ደፍርሶ መጣ። እስከ ዛፎቹ ግንድ ደረሰ... ዳሩ ግን አልተናደም።

ያን ሳምንት ኦቦ ኦሊቃ ሶረቲን “አብረሽኝ ነይ፣ ብቻዬን እግሬ እምቢ አለኝ” አሏት። የሄዱት የድንቅቱ እናት፣ አዴ ሲንቄ ደጅ ነበር።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው እያለቀሱ ሁሉንም ተናገሩ።

አዴ ሲንቄ እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

“አውቃለሁ” አሏቸው።

“...ምን?”

“የመጀመሪያዋን ችግኝ ስትተክል ከአጥር ኋላ ቆሜ አይቼሃለሁ። ያን ቀን ልነቅላት ነበር የመጣሁት... አቃተኝ። ይኸው ስንት ዘመን ፍየሎቼን በዚያ በኩል አሳልፌ አላውቅም። ለምን መሰለህ?”

ወዳጆቼ... ዛፍ የሚያድገው በተከለው ሰው ብቻ አይደለም፤ እያዘነ ባልነቀለው ሰውም ጭምር ነው። ለልጆቻችን መዋያ ለመሥራት ስንጣደፍ፣ እዚያ ያለው ነገር በማን ዕንባ እንደበቀለ ቆም ብለን እንጠይቅ።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ አዴ ሲንቄን ብትሆኑ ችግኟን ትተዋት ነበር ወይስ ትነቅሏት ነበር?