ቀዩ ብርድ ልብስ

ትናንት በተለቀቀው ቪዲዮ፣ በዩክሬኗ ኬርሶን ከተማ ቀይ ብርድ ልብስ የሚያሰጡ አሮጊት በረንዳቸው ላይ በድሮን ሲመቱ ይታያል። የለቀቁት ሰዎች የሠርግ ዘፈን አስገብተውበታል፤ ከዘፈኑ ሥር ሲሳሳቁ ይሰማሉ።

«ጥርሳችሁ ይርገፍ» አለች ሶሎሚያ። ሥራዋ እንዲህ ያለው ቪዲዮ እውነት መሆኑን ማጣራት ነውና፣ ደጋግማ አየችው። ሕንፃውን በመስኮቶቹ ለየችና የነዋሪ ስልክ አፈላልጋ ደወለች።

«እማማ፣ ትናንት ሕንፃችሁ ተመቶ ነበር?»

«ኧረ ደህና ነን፣ ልጄ።»

«በረንዳ ላይ ቀይ ብርድ ልብስ የሚያሰጡ ሴትዮ ያውቃሉ?»

«እኔ ነኛ። ይኸው እያሰጣሁት ነው። ትናንትማ መች ታጠበና?»

ሶሎሚያ «ከበረንዳው ይግቡ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ማነው ደግሞ ሰማይ ላይ የሠርግ ዘፈን የከፈተው?»