የገመዱ ቁመት

ዓይነ ስውሯ እማማ መሪማ ትናንት ለውዱእ ሊታጠቡ ሲወጡ ደረጃው ላይ ወድቀው ነበር። ዛሬ በሐይቁ ዳር ባለው የአረጋውያን መጠለያ ከጧት ጀምሮ የመዶሻ ድምፅ ሲሰሙ፣ «በቃ፣ እንዳልወጣ በሩን ሊቸነክሩብኝ ነው» ብለው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። የዙህር ሶላት ሲደርስ ግን በሩ ክፍት ነበር። ግድግዳውን ቢዳስሱ የዓሣ አጥማጅ ገመድ እጃቸው ገባ። ደረጃው ጋ ቋጠሮ ነበረው፤ ተጠንቅቀው ወረዱና ገመዱን ተከትለው ከበርጩማውና ውሃ ከሞላው ማንቆርቆሪያ አጠገብ ደረሱ።

ገመዱ የተወጠረው በጎበጠ ወገባቸው ልክ ነበር።

«ወይኒቱ፣ ቁመቴን መቼ ለካሽው ልጄ?» አሉ ኮቴዋን ሰምተው።

«ትናንት፣ ከወደቁበት ሳነሣዎት» አለች አስታማሚያቸው።

እማማ መሪማ ማንቆርቆሪያውን ከማንሣታቸው በፊት ሁለት እጃቸውን ለዱአ ዘረጉ። «አንቺም ስትጎብጪ፣ አላህ ቁመትሽን የሚለካልሽ ሰው አይንሳሽ!»